የወተት ጣሳው እና አራቱ ደብተር፦ የአባባን መጽሐፍ ስሠራ የያዝኩት ማስታወሻ

ነሐሴ 4፣ 2016

ሥራው ይሄ ነው። አያቴ አባባ ያረፉት ኅዳር 19 ነው፣ ሙት ዓመታቸው ሦስት ወር ተኩል ቀርቶታል፣ እስከዛ ያሉትን ፎቶዎች፣ ካሴቶችና ወረቀቶች ዲጂታል አድርጌ አንድ መጽሐፍ አሳትማለሁ። ስድስት ኮፒ፣ አንዱ ለባለቤታቸው ለእቴቴ አምስቱ ለልጆቿ። እቅዱ 60 ገጽ፦ 40 ገጽ የዘመቱበት ኮሪያ፣ 10 ገጽ ያገለገሉበት ክቡር ዘበኛ፣ 10 ገጽ ትዳርና ቤተሰብ። በጀት 12 ሺህ ብር። ይቺ ቁጥር ለታሪክ ትቀመጥ።

ዕቃውን ከእቴቴ አልጋ ሥር አወጣሁት። አንድ የዛገ የዱቄት ወተት ጣሳ፣ ውስጡ ተጠቅልለው የገቡ ፎቶዎች። ላስቲክ የሚገለጥበት ተለጣፊ አልበም። አራት ካሴት። በመሀረብ የተቋጠረ ሜዳይ። አንድ ፌስታል ወረቀት። ደግሞ አንድ ላይ የታሰሩ አራት ሲናርላይን ደብተሮች። ደብተሮቹን ሳይ ደስታዬ ሌላ ነበር፣ ለካ ሽማግሌው ትዝታቸውን ጽፈውታል ብዬ፣ ገለጥ ሳደርገው ግን በማስመሪያ የተሰመረ ሰንጠረዥና ቁጥር ብቻ ነው። አባባ ከወታደር ቤት ከወጡ በኋላ 24 ዓመት ንብረት ክፍል ነው የሠሩት፣ የመጋዘን ሂሳብ ነው ብዬ መልሼ አስሬ ወደ ጎን አልኩት።

ፎቶ ለምን ጣሳ ውስጥ ገባ ብዬ እቴቴን ጠየቅኳት። በደርግ ጊዜ ነው አለች። "ከኮሚኒስት ጋር የተዋጋ ሰው ፎቶውን ግድግዳ ላይ ይሰቅላል እንዴ? እሱ አቃጥይው አለኝ፣ እኔ እሺ አልኩትና ጠቅልዬ ከትቼ ላዩን ምስር ሞላሁበት። ምስሩን ስንቴ ቀየርኩት መሰለህ፣ ነቀዝ ሲገባበት።" አባባ እንዳልተቃጠለ ያወቁት ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ምን አሉሽ ስላት "ምን ይላል፣ ምስሩን ከየት ነው የምትገዢው አለኝ" አለችና ሳቀች።

ነሐሴ 8

በስልክ ስካን አፕ እጨርሰዋለሁ ብዬ 30 ፎቶ አነሳሁ። ላፕቶፕ ላይ ስከፍተው የመብራቱ ነጸብራቅ በሁሉም ላይ አለ፣ ፎቶዎቹ ደግሞ እንደ ሲጋራ ስለተጠቀለሉ መሀሉ ጥርት ጫፉ ድብዝዝ። ሁሉንም ደመሰስኩት።

ያገለገለ ጠፍጣፋ ስካነር በ8,500 ብር ገዛሁ። ከበጀቱ ከሁለት ሦስተኛው በላይ በአንድ ቀን ሄደ ማለት ነው። ሻጩ ሳጥኑንም ሲዲውንም አልሰጠኝም፣ ድራይቨሩን ለማግኘት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

ሙከራ፦ አንድ ፎቶ በ300፣ በ600 እና በ1200 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች የሚነበቡ ነጥቦች ብዛት)። ለትልልቆቹ 600 በቂ ነው። የኮሪያዎቹ ግን ትንንሽ ናቸው፣ 6 በ9 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ጠርዛቸው እንደ ቴምብር የተጠረበ፣ ለነሱ 1200። አንዷ ትንሽ ፎቶ በቲፍ (ጥራቱ ሳይቀነስ የሚቀመጥ ፋይል) 36 ሜጋባይት ትወጣለች። ጄፔግ አድርጌ ላስቀምጥ ብዬ ነበር፣ ግን ደጋግመህ ባስተካከልክና ሴቭ ባደረግክ ቁጥር ይበላሻል፣ ዋናው በቲፍ ይቀመጥ፣ ለሥራ የሚሆነው በጄፔግ።

ነሐሴ 13

አበላሸሁ። ከጣሳው አንዷን አውጥቼ በሁለት መስታወት መሀል ጠፍጥፌ ልጫናት ስል ቀጭ አለች። ላይዋ ያለው ምስል የያዘው ሽፋን ደርቋል ለካ፣ ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀ፣ በአባባ ሆድ ላይ። ፎቶዋ ከ70 ዓመት በላይ ስትኖር፣ ከምስርና ከነቀዝ ተርፋ፣ በእኔ እጅ በሁለት ሴኮንድ።

እቴቴ ጋ ይዤ ሄድኩ፣ መናገር ነበረብኝ። አይታ አይታ "ጨጓራው ነው፣ ድሮም ያመው ነበር" አለች።

ነሐሴ 16

የተጠቀለለ ፎቶ በጉልበት አይዘረጋም፣ መጀመሪያ እርጥበት መጠጣት አለበት፣ ውኃ ሳይነካው። እንዲህ ሠራሁ፦ ክዳን ያለው ትልቅ የፕላስቲክ ሳፋ፣ ከታች የተጨመቀ እርጥብ ፎጣ፣ ከፎጣው ከፍ ብሎ የፕላስቲክ ወንፊት፣ ፎቶው ወንፊቱ ላይ ምስሉ ወደ ላይ ሆኖ፣ ክዳኑ ይገጠማል። ከሦስት እስከ አራት ሰዓት። በየግማሽ ሰዓቱ ከፍቶ ማየት፣ ክዳኑ ላይ ጠብታ ካለ መጥረግ፣ ምክንያቱም ከተንጠባጠበ አለቀ።

ሠርቷል። አራት ሰዓት ላይ ሳወጣው እንደ ጨርቅ ለስልሷል፣ በራሱ ጊዜ ተዘረጋ።

ቀጥሎ ሁለተኛው ስህተት። ለማድረቅ ነጭ ሻሽ አንጥፌ ፎቶዋን በምስሏ ደፋሁባት፣ ከላይ መጽሐፍ ጫንኩ። ጠዋት ሳነሳት የሻሹ ድርና ማግ ምስሉ ላይ ታትሟል። እርጥበት የጠጣ ፎቶ ላዩ እንደ ሙጫ ነው፣ ያገኘውን ይይዛል። ከዚያ በኋላ በምስሉ በኩል የኬክ መጋገሪያ ወረቀት፣ በጀርባው ንጹህ ነጭ ወረቀት፣ ከዛ መስታወት፣ ከዛ መጽሐፍ፣ ሁለት ቀን። በቀን ስድስት ፎቶ ነው የምችለው፣ ጣሳው ውስጥ 58 አለ።

ነሐሴ 27

ጣሳው አለቀ። 58ቱም ተዘርግተዋል፣ የተሰነጠቀ አንድ፣ ሻሽ የታተመበት አንድ።

ጳጉሜን 2

ተለጣፊው አልበም። ፎቶዎቹ ሙጫው ላይ ደርቀው ቀርተዋል፣ በጥፍር ብትጀምረው ይቀደዳል። የጥርስ ማጽጃ ክር ነው መድኃኒቱ፣ ከጥግ አስገብተህ እንደ መጋዝ ቀስ ብለህ ወዲህ ወዲያ። 154 ፎቶ በሦስት ማታ። ሁለቱ እምቢ ስላሉ ከነገጹ ስካን አደረግኳቸው። ከጣሳው ጋር ጠቅላላ 212።

በዚህ አልበም ውስጥ አባባ ብቻቸውን ያሉበት ፎቶ አራት ብቻ ነው። በቀረው ሁሉ እቴቴ አለች፣ ወይ ደግሞ ክርኗ ወይ የነጠላዋ ጫፍ። አሁን ለሽፋን የሚሆን ብቻቸውን የተነሱት ፈልጌ ነው እንጂ ሌላ ጊዜ ልብ አልለውም ነበር።

መስከረም 6፣ 2017

ካሴቶቹ። ቤት የነበረው ቴፕ ሲከፈት ቤልቱ ቀልጦ ጥቁር ሬንጅ ሆኗል፣ እጄ ላይ ለሁለት ቀን አልለቀቀም። ምን አለሽ ተራ ሄጄ ሌላ ቴፕ በ1,800 ብር ገዛሁ፣ ሰውየው ይሠራል ብሎ አስጮኸልኝ፣ ቤት ስደርስ የሱም ቤልት ላልቷል። ለጊዜው ብዬ የብር ማሰሪያ ላስቲክ አስገባሁበት። የአባባ ድምፅ እንደ ማዕበል ከፍ ዝቅ እያለ መጣ፣ ያዜሙ ይመስላሉ። ላስቲክ አይሆንም፣ እኩል ስለማይስብ ፍጥነቱ ይዋዥቃል።

በመዘውሮቹ ዙሪያ ክር አዙሬ ለካሁ፣ ከልኬቱ 5 ፐርሰንት ቀንሼ ያንን የሚያህል ቤልት ፈለግኩ፣ ከሦስት ሱቅ በኋላ ተገኘ፣ 300 ብር። ካሴቱን የሚያነበውን ሄድና ጎማ ሮለሩን በአልኮልና በጆሮ ማጽጃ ጥጥ ጠረግኩ፣ ቡናማ ቆሻሻ ነው የወጣው።

መስከረም 11

አንደኛው ካሴት ላይ በአባባ ጽሑፍ "ኮሪያ ቁ. 1፣ 1984" ይላል። አጎቴ ነው ጠያቂው። ከቴፑ በቀጥታ ላፕቶፑ ማይክ መግቢያ ላይ ሰክቼ ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ መቅጃ ፕሮግራም ቀዳሁ፣ 40 ደቂቃ ከቀዳሁ በኋላ ሳዳምጠው ድምፁ ሁሉ ተሰነጣጥቋል። የማይክ መግቢያ ሲግናሉን ያጎላዋል ለካ። የዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ ላይን መግቢያ ያለው በ1,200 ብር ገዛሁ። እንደገና ስጀምር 25ኛው ደቂቃ ላይ መብራት ጠፋ፣ ላፕቶፑ በባትሪ ቀጠለ ቴፑ ቆመ። ሦስተኛው ላይ ተሳካ። 24 ቢት፣ 44.1 ኪሎኸርዝ፣ ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮ 6 ዴሲቤል በታች እንዲሆን።

ሌላ ያወቅኩት ነገር፣ ከሄዱ አጠገብ ትንሽ ቡለን አለች፣ ካሴቱ እየዞረ በትንሹ ስታዞራት "ሰ" እና "ሽ" የሚሉት ድምፆች ጥርት ይላሉ። ከዛ በፊት አባባ ትራስ ውስጥ ሆነው የሚያወሩ ነበር የሚመስሉት።

ከ60 ደቂቃው ካሴት ላይ ኮሪያ ያለው 11 ደቂቃ ነው፣ በላዩ ላይ ዘፈን ተቀድቶበታል። ማን እንደቀዳበት አምስቱም ልጆች እርስ በርስ ይካካዳሉ።

11ዱን ደቂቃ ቃል በቃል ገለበጥኩ። በባቡር ጅቡቲ፣ ከዛ መርከብ፣ ማስመለስ፣ ፑሳን። ብርዱ። የውጊያውን ነገር አጎቴ ሊያወጣጣቸው ሲታገል ይሰማል፣ እሳቸው ስለ ካልሲ ነው የሚያወሩት፣ እርጥብ ካልሲ ሆዳቸው ላይ አድርገው ያደርቁ እንደነበር። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ረዘም አድርገው ይናገራሉ፣ ተኩስ የቆመ ቀን፣ ሐምሌ 20 1945። "ከምሽቱ አራት ሰዓት ይቆማል ተብሎ ነበር። እስከዛች ደቂቃ ይተኮሳል። አራት ሰዓት ሲሆን ጸጥ። እኛ ለመድፉ ለምደን ለካ፣ ዝምታው እንቅልፍ ነሳን፣ ማንም አልተኛም።" አጎቴ ፈርተህ ነበር? ይላል። ትንሽ ዝም ይሉና ራቅ አድርገው "ሻይ ፈላ ወይ?" ብለው ይጣራሉ፣ የሴት ድምፅ "መጣሁ፣ ምን ያጣድፍሃል" ይላል።

ይቺን ለእቴቴ በስልክ አሰማኋት። "ይቺ ደግሞ ማናት የምትመልስለት?" አለች ቆጣ ብላ።

መስከረም 24

የቀን መቁጠሪያው ጣጣ። ፎቶዎቹን በዓመት በፎልደር ስከፍል ነበር። አንዷ ላይ አባባ ጂፕ አጠገብ ቆመዋል፣ ጀርባዋ ላይ በእርሳስ "1953" ተጽፏል። 1953 ማለት ታኅሣሥ ግርግር አይደል፣ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ የክቡር ዘበኛ አዛዥ ሆነው መፈንቅለ መንግሥት የሞከሩበት፣ ስለዚህ እዛ ምዕራፍ ውስጥ ከተትኳት፣ ሁለት ገጽ ጽሑፍም አዘጋጀሁላት፣ በዛን ቀን አባባ ምን ይሰማቸው እንደነበር ምናምን እያልኩ።

እቴቴ አየቻትና "ይሄ እኔን ሳያውቅ ነው" አለች። እንዴት አወቅሽ? "አንገትጌውን እየው፣ ተጣሟል። እኔ ካገባሁት ወዲህ አንገትጌው ተጣሞ ከቤት ወጥቶ አያውቅም።" የተጋቡት በ1948 ነው።

ተመልሼ ቲፉን አጉልቼ አየሁት። ከጂፑ ኋላ የተተከለ ሰሌዳ ላይ የአሸዋ ሰዓት የሚመስል ምልክት አለ፣ ኮሪያ የዘመተው የእኛ ጦር፣ ቃኘው፣ አብሮት የተዋጋው የአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ምልክት ነው። ማለትም ቁጥሩ በፈረንጅ ነው፣ በእኛ 1945 ወይም 1946 መጀመሪያ። 600 ላይ ስካን ባደርገው ኖሮ ሰሌዳው ጭጋግ ነበር፣ ለ1200 የከፈልኩት ቦታ እዚህ ጋ መለሰልኝ። ሁለቱን ገጽ ጽሑፍ ጣልኩት። ከዛሬ ጀምሮ በፋይል ስም ላይ ሁለቱም አቆጣጠር ይጻፋል፣ አንዱ ካልታወቀ ክፍት ይተዋል እንጂ አይገመትም።

በዚሁ ሰበብ ሌላ ነገር ፈነዳ። አጎቴ አባባ ከመጀመሪያው ቃኘው ጋር ነው የዘመቱት እያለ ነው ያደግነው፣ በሚያዝያ 1943 ጄኔራል ማክሬ በምትባለው መርከብ ሄደው ሚያዝያ 28 ፑሳን የገቡት። በፌስታሉ ውስጥ ያለው የአገልግሎት ወረቀት ግን 1945 ይላል፣ ሦስተኛው ቃኘው። ወረቀቱን ፎቶ አንስቼ ላክሁለት። ሁለት ቀን አልመለሰልኝም። በኋላ "እሺ፣ ግን መርከቧ ትቆይ" አለኝ። አትቆይም።

ጥቅምት 2

ሜዳዩ። የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ ሜዳይ ነው፣ ሰማያዊና ነጭ ጥብጣብ፣ ላዩ ላይ ያለችው ብረት ላይ በአማርኛ "ኮሪያ" ይላል። ለየአገሩ ጦር በየቋንቋው ነበር የተሠራው፣ የእኛዎቹ የአማርኛው ደረሳቸው። ለፎቶ እንዲያምር ብዬ በብረት መወልወያው በብራሶ ወለወልኩት። አደራ እንዳትሠሩት። ነሐሱ የያዘው የዕድሜ መልክ ጠፍቶ እንደ አዲስ ቧንቧ ያብለጨልጫል። ጥብጣቡም ጫፉ ላይ ብራሶ ነክቶት ነጩ ወደ ቢጫ ሄዷል። እቴቴ "እሱ አንድ ቀን ወልውሎት አያውቅም፣ ለነገሩ አውጥቶትም አያውቅም" አለች።

አፍንጮ በር ሄጄ የኮሪያ ዘማቾችን ሐውልት አነሳሁ፣ ሰማዩ ደመና ስለነበር ጥላ የለውም፣ ጥሩ ወጣ። ለመግቢያው የተለመደውን ጻፍኩ፣ 121 ሰው ሞተ፣ አንድም አልተማረከም። ከዛ አባባ በካሴቱ ላይ ስለ ካልሲ ሲያወሩ ትዝ አሉኝና መግቢያውን ወደ አራት መስመር አሳጠርኩት። ቁጥሩ ይቆይ፣ ፉከራው ይውጣ።

ጥቅምት 9

ደብተሮቹ የመጋዘን ሂሳብ አይደሉም።

ለሙሌት አንድ ገጽ ስካን ላድርግ ብዬ ነው የፈታኋቸው። ዓምዶቹ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ስኳር፣ መጠን፣ አስረካቢ፣ ተረካቢ፣ ምርመራ። መጋዘን የሠራ ሰው ወዲያው ያውቀዋል፣ ሞዴል 22 ነው፣ የንብረት ወጪ ማድረጊያ። ወጪ የሚሆነው ንብረት ግን ኢንሱሊን ነው። ጠዋት 20 ዩኒት፣ ማታ 10 ዩኒት፣ በቀን ሁለት መስመር፣ ከጥር 2003 ጀምሮ። አስረካቢ የሚለው ሥር የአባባ ፊርማ፣ ተረካቢ የሚለው ሥር የእቴቴ፣ በመሠረተ ትምህርት የተማረቻት አንዲት ፊደል ከሥሯ መስመር ተሰምሮባት። በየቀኑ። ሁለቴ።

እቴቴ ስኳር እንዳለባት፣ አባባም እንደሚወጓት ሁላችንም እናውቃለን፣ ከጎናቸው ነው ያደግነው። የሚያስፈርሟት መሆኑን ግን አንድም ሰው አላወቀም። "ካልፈረምሽ ቁርስ የለም ይለኝ ነበር" አለች። "ንብረት ነው፣ ያለ ፊርማ አይወጣም ይላል። አንድ ቀን እምቢ አልኩ፣ መርፌውን ይዞ ቆመ። ቆሞ ቀረ። ፈረምኩለት።"

ምርመራ የሚለው ዓምድ ላይ የተወጋችበት ቦታ አለ፣ አንድ ቦታ ደጋግሞ መውጋት ቆዳውን ስለሚያደድረው በዙር ነው፦ ቀኝ ጭን፣ ግራ ጭን፣ ሆድ ቀኝ፣ ሆድ ግራ፣ እንደ ዘብ ተራ። አልፎ አልፎ ሌላም አለ። "ተቆጥታለች።" "መብራት የለም፣ መድኃኒቱ እንስራ ውስጥ ገብቷል።" "ቁርስ ዘገየ፣ ጥፋቱ የአስረካቢ።" በሦስተኛው ደብተር ላይ አንድ ሌሊት አለ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት፣ ስኳር 48፣ "አላበኝ አለች። ስኳር በሻይ ተሰጠ።" 9፡20፣ 71። 9፡40፣ 92። ከዛ ምርመራው ላይ "እስኪነጋ ዘብ።" ያኔ 89 ዓመታቸው ነበር።

ከአራቱ ደብተሮች 16 ገጽ መርጬ በ600 ስካን አደረግኩ። ቀጭን ወረቀት ስለሆነ የጀርባው ጽሑፍ ያሳልፋል፣ ከኋላው ጥቁር ካርቶን ስታደርግ ይጠፋል። ነጭ ነበር የሚመስለኝ መሆን ያለበት፣ ሞክሬ ባሰበት።

የመጨረሻው ደብተር ላይ ከ2015 ክረምት በኋላ ቁጥሮቹ የአክስቴ ጽሑፍ ናቸው፣ ፊርማው ግን የሳቸው። የመጨረሻዋ ኅዳር 16 ማታ ናት፣ ፊርማዋ ከመስመሯ ወጥታ ሁለት ረድፍ ወርዳለች። ከሷ በታች 11 ባዶ ረድፍ አለ፣ ቀድመው ያሰመሩት።

ጥቅምት 15

የገጽ ክፍፍሉን ቀየርኩ። ኮሪያ 18፣ ክቡር ዘበኛና መጋዘን 10፣ የቀረው 36 ለሁለቱ። ጠቅላላ 64፣ ለጥረዛ በ4 የሚካፈል መሆን አለበት። አጎቴ ኮሪያው አነሰ ብሏል። ያለን ማስረጃ 11 ደቂቃና 58 ፎቶ ነው፣ ከዛ በላይ ከጻፍኩ ልቦለድ ነው አልኩት።

የመፈንቅለ መንግሥቱ ገጽ ላይ ፎቶ የለም፣ የእቴቴ ንግግር ብቻ ነው የገባው፦ ሁለተኛዋን አርግዛ ነበር፣ ክቡር ዘበኛ ሲፈርስ አባባ የት እንዳሉ ለአሥር ቀን አላወቀችም፣ በአሥራ አንደኛው መጥተው መጀመሪያ ያሉት "በልተሻል?" ነው።

ጥቅምት 27

የሙከራ ኅትመት፣ 1,900 ብር። ሦስት ችግር። አንደኛ፣ ማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ፊደሉ የለም፣ ከገጽ 9 ጀምሮ ጽሑፉ ሁሉ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ወጥቷል፣ ፒዲኤፉን ፎንቱን አቅፎ እንዲወጣ አድርጌ መላክ ነበረብኝ። ሁለተኛ፣ ጥቁርና ነጭ ፎቶዎቹ በባለ ቀለም ማሽን ወደ አረንጓዴ አድልተዋል፣ ፋይሎቹን ግሬይስኬል አድርጌ ስመልሳቸው ተስተካከለ። ሦስተኛ፣ ዳር ድረስ በሚደርሱ ፎቶዎች ዙሪያ 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ አልሰጠሁም ነበር፣ ሲቆረጥ የእቴቴ ጆሮ ሄደ።

ዋጋውም ባለፈው ዓመት ከሰማሁት ጋር አይገናኝም፣ ሐምሌ ላይ ምንዛሪው ከተለቀቀ ወዲህ ወረቀት ጨምሯል፣ ከደረቅ ልባስ ጥረዛው ጋር በኮፒ 2,650 አሉኝ። ለስድስቱ 15,900።

ኅዳር 13

ስድስቱ መጡ። አንዱ ላይ አንድ ክፍል ተገልብጦ ተጠርዟል፣ እሱን ለእኛ ቤት ላስቀረው ብዬ ነበር ግን መልሰው ሠሩልኝ።

እስካሁን ወጪ፦ ስካነር 8,500፣ ቴፕ 1,800፣ ቤልት 300፣ ሳውንድ ካርድ 1,200፣ አልኮል ጥጥ ክርና ወረቀት 640፣ ሙከራ 1,900፣ ኅትመት 15,900። 30,240 ብር።

ኅዳር 14

ለእቴቴ ቀድሜ አሳየኋት፣ የሙት ዓመቱ ቀን በሰው መሀል ከምታየው ብዬ። ኮሪያን በአንድ ጊዜ ሦስት ሦስት ገጽ እየገለጠች አለፈችው። ጂፑ ጋ ስትደርስ ቆም ብላ በጣቷ አንገትጌውን ነካችና አለፈች። ሠርጋቸው ላይ ብዙ ቆየች፣ የነገረችኝ ግን ጫማው የተዋሰችው እንደነበር ብቻ ነው።

ደብተሮቹ ጋ ደረሰች። በአንድ ገጽ አራት አራት የደብተር ገጽ አሳንሼ ነበር ያስገባሁት፣ በዲዛይን ዓይን ቆንጆ ነው፣ እንደ ጥልፍ ይመስላል። መነጽሯን አደረገች፣ አወለቀች፣ ደግማ አደረገች።

"ፊርማዬ አይነበብም።"

እቴቴ፣ ብዙ ስለሆነ ነው፣ ቦታ እንዳይፈጅ...

"እሱ አንዷን እንኳ ሳልፈርም አላለፈም፣ አንተ አሳንሰህ ደፈጠጥከው? የሱንም አይነበብም። ያቺን ሌሊት እንኳ አይነበብም።"

ማተሚያ ቤት ደወልኩ። መጽሐፉን ሳይፈቱ አራት ገጾቹን አውጥቶ በምትካቸው አዲስ ማጣበቅ ይቻላል አሉ፣ በኮፒ 180፣ ለስድስቱ 1,080 ብር። በአንድ ገጽ አንድ የደብተር ገጽ በሙሉ መጠን፣ ከ16ቱ አራት ብቻ ነው የሚገባው። የትኞቹ አራት ብዬ ጠየቅኳት፣ ራሷ መረጠች፦ የመጀመሪያዋን ቀን፣ "ተቆጥታለች" የሚለውን፣ ያቺን ሌሊትና የመጨረሻውን ገጽ ከነባዶ ረድፎቹ። ፋይሉን ማታ ላክሁ፣ ግሬይስኬል፣ ፎንቱን ያቀፈ፣ ትርፍ 3 ሚሊ ሜትር። እሁድ ከሰዓት ውሰድ ብለውኛል።

ከአራቱ ካሴቶች ሦስተኛው ቀፎው ውስጥ ታንቆ አልዞር ብሏል፣ ከሙት ዓመቱ በኋላ ቀፎውን ፈትቼ ወደ ሌላ አዛውረዋለሁ።